የብሳናው ቅጠል ላይ ያለው መስመር

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ዝም አልኩ። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ እዚያው በሚያበቃበት ቦታ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ፣ ዝም አልኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ዛሬ ጠዋት ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ባዛር የሚቀርቡት ሥራዎች ተመረጡ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደ እኛ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ገበያ ይሄው ነው። እኔ፣ ህብስትና ማንጠግቦሽ ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንሠራለን። ህብስት ከገብስ ገለባ ወረቀት ትሠራለች። ማንጠግቦሽ ቅጠልና አበባ ጎላ ብሎ የሚወጣበት የግድግዳ ሸክላ ትሠራለች። እኔ የዋንዛ ጣውላ ላይ ቅጠልና ወፍ እቀርጻለሁ፤ ጣውላውን ጥላሸትና የተልባ ዘይት ቀብቼ በህብስት ወረቀት ላይ አትማለሁ።

አስተባባሪው ጌትነት በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲዞር ከእኔ የብሳና ቅጠል ፊት ቆመና ሰው ጠራ። ቅጠሉን በአግድም የሚያቋርጠውን ቀጭን ነጭ መስመር በጣቱ እየተከተለ፣ «እዩት፣ ነፋሱን ነው የቀረጹት» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ፣ የለም፣ መለያየትን ነው አለች። እኔ ጢሜን እየዳበስኩ ቆምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልክድም።

ቀጥለው ወደ ማንጠግቦሽ ሸክላ ሄዱ። እሷም የብሳና ቅጠል አምጥታለች። ጫፉ እንደ እኔው ቅጠል የታጠፈ፣ ጠርዙ እንደ እኔው በትል የተበላ። የእኔ ወደ ግራ ያጋደለ ነው፣ የእሷ ወደ ቀኝ። መስመሩ ብቻ የለበትም።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ይሄ የጋሽ ፈንቴ ቅጠል አይደለም እንዴ?» አለ ጌትነት። «ገልብጠው ሠሩት። መስመሩ ሲያስቸግርዎት ደግሞ ተዉት።»

ሰው ሳቀ። እሷ፣ «የእኔ ነው» አለች። አንዴ ብቻ ነው ያለችው።

ደንቡ አለ። የሰው ሥራ የቀዳ ከባዛሩ ይወጣል የሚለውን ነሐሴ ላይ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ወጣቶቹ ከስልካቸው ላይ ወፍ እየቀዱ ሲያመጡ ስላናደዱኝ ጠረጴዛ መትቼ ነው ያስጻፍኩት። ጌትነት ወደ እኔ ዞረና፣ «ደንቡ የእርስዎ ነው ጋሼ። ምን ይላሉ?» አለኝ።

ማንጠግቦሽ እያየችኝ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሸክላዎቿን ከጠረጴዛው አነሱባት።

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ቅጠሉ የእሷ ነው። ዓይኔ ከደከመ ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው። ሁሉ ነገር እንፋሎት ውስጥ ያለ ሆኖብኛል። ይህንንም መስኮት ሥር ተቀምጬ በወፍራም እስክሪብቶ፣ ፊደሉን አተልቄ ነው የምጽፈው። ዛፍ ላይ ያረፈች ወፍ ለእኔ ጥቁር ነጠብጣብ ናት። ለማንም አልነገርኩም። ማንጠግቦሽ እሳት ያበላሸባትን ሸክላ ከክፍሉ ጓሮ ካለው ጉድጓድ ትጥላለች። እኔ ሰው በሌለበት አነሳለሁ። ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጨርቅ ሸፍኜ፣ በግራ እጄ እየዳበስኩ በቀኝ እጄ እቀርጻለሁ፤ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። የእሷ ቅጠል ለጣት ይታያል። ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምክንያቶቼን ደረደርኩ።

የጣለችውን ነው ያነሳሁት።
ጣውላውን የቀረጽኩት በገዛ እጄ ነው።
ዓይኔ መድከሙ ቢሰማ ሥራዬን የሚፈልግ አይኖርም።
እሷ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ለከርሞ ትደርሳለች።

ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ምክንያት ይዞ ስብሰባ ቢመጣ በሩን አሳየው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ማንም አይኖርም ብዬ ነበር። ማንጠግቦሽ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሸክላዎቿን በገለባ ትጠቀልል ነበር። ሰላም አልኳት፣ ሰላም አለችኝ። መሮዬን የምፈልግ መሰልኩ።

«አያ ፈንቴ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ያ መስመር ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ቅጠሉ ላይ ያለው። ነፋስ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ነፋስ ነው» አልኳት። እግዚአብሔር ይየኝ፣ ነፋስ ነው አልኳት።

የያዘችውን አስቀመጠች። «ሐምሌ ላይ ማገዶው እርጥብ ሆኖብኝ፣ እሳቱ አንዴ ሲሞት አንዴ ሲነሳ ሸክላ ፈጀብኝ። አንዲት የብሳና ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀች። እኔው ነኝ የጣልኳት። ስንጥቅ እኮ ነው አያ። የእኔ እሳት ያወጣው ስንጥቅ።»

ስንጥቅ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ጣቴ ሲያገኘው እሷ አስባበት ያሰመረችው መስሎኝ፣ በቀጭኑ መሮ ትንፋሼን ውጬ ነው የቀረጽኩት። ከሥራዬ ሁሉ የተጠነቀቅሁለት እሱ ነው። የእሷን ጥበብ ሰረቅሁ ብዬ ሳፍር፣ ለካስ ብልሽቷንም ከጥበቡ መለየት አቅቶኝ ኖሯል። በእሱም ተመሰገንኩ።

«መውሰድዎ አይደለም የከነከነኝ» አለች። «ጥዬዋለሁ፣ ወሰዱት። ትናንት ዝም ማለትዎ ነው።»

«አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ሊያምነኝ? እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። እናቴ ገበያ ስትቀመጥ ድስቷን ይገዙ ነበር፣ እጇን ግን የሚጨብጥ አልነበረም። እርስዎ ጋሽ ፈንቴ ነዎት።»

«ደንብ ደንብ ነው» አልኳት።

ይህን ያለው ሰው እኔ ነኝ። መሮውን ይዤ ወጣሁ። ቤት እስክደርስ ሰው ሰላም ሲለኝ አልመለስኩም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ፣ ሩፋኤል

ጠዋት ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው የሩፋኤልን ጠበል እየተጠመቁ ጮኹ። እኔም ደጃፌ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ላይ አንጋጠጥኩና ዓይኖቼን ታጠብኩ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ፣ «አያ ፈንቴ፣ እርስዎም ሊያድጉ ነው?» አለችኝ። ልጆቹ ናቸው በዚህ ዝናብ እንዲያድጉ የሚለምኑት። ሥራሽን ሥሪ ብያት ገባሁ። ጉሙ ከዓይኔ አልተነሳም። ምን አድርጌ ይነሳልኛል?

ክፍሉ ውስጥ ህብስት የተቀቀለውን ገለባ በሙቀጫ ትወቅጥ ነበር። ልጅቷ ነገር አትደብቅም፣ አፏም አያርፍም። እኔ የቀረውን ወረቀት ለማተም ጣውላው ላይ አንጥፌ በጭልፋ ጀርባ ማሸት ጀመርኩ።

«ቀስ ጋሼ። ወረቀት ነው፣ የበደለዎት ሰው አይደለም» አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ሙቀጫውን ተወችው። «ማንጠግቦሽ ልትሄድ እኮ ነው። ረቡዕ ወንድሟ መኪና ይዞ ይመጣል። አገሬ አማኑኤል ተመልሼ ድስትና ገንቦ እሠራለሁ፣ የግድግዳ ሸክላ በቃኝ ብላለች። የተረፈውን ሸክላ ደግሞ እሰብረዋለሁ አለች።»

«ለምን ትሰብረዋለች?»

«የቀጂ ሸክላ ከተባለ በኋላ ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል?» ቀጥላም፣ «እርስዎ ቢለምኑት ጌትነት እምቢ አይልም። የተበደሉት እርስዎ ነዎት፣ ይቅር ብያለሁ ቢሉ ያበቃል» አለች።

የተበደሉት እርስዎ ነዎት። ህብስት ይህን ያለችኝ ከልቧ ነው። እውነቱን እንድትጠረጥር የሚያደርግ አንድ ነገር እንኳ በፊቴ ላይ አላየችም ማለት ነው። ፊቴን ድንጋይ ለማድረግ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ተሳክቶልኛል።

«አየዋለሁ» አልኳት። ያተምኩት ወረቀት ሲነሳ ተቀዶ ነበር።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ የባሰውን አደረግሁ።

ጌትነት ቢሮ የሄድኩት ሁሉን ልናገር ነው። መንገድ ላይ ቃላቱን ደርድሬያቸው ነበር፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ቅጠሉ የእሷ ነው፣ መስመሩ ስንጥቅ ነው። ሦስት ነገር። ልጅ እንኳ አይረሳውም። ከገባሁ በኋላ ጌትነት ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። እዚያ የነበሩት ሁለት ሠራተኞችም ቆሙ። የአክብሮት ወንበር ተሳበልኝ። ተቀመጥኩ። ተቀምጬም፣ «ማንጠግቦሽን ማሯት» አልኩ።

ይኸው ነው። ይህን ብቻ ነው ያልኩት።

«ጋሼ» አለኝ ጌትነት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እርስዎ እኮ ትልቅ ሰው ነዎት። ተሰርቀው ለሰረቀዎት ይለምናሉ?» ሠራተኞቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ በዚያ ወንበር ላይ ትልቅ ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ቀጥሎ እኔን ለማስደሰት መላ አመጣ። ነገ ባዛሩ ሳይከፈት በፊት ሁሉም በተሰበሰበበት ማንጠግቦሽ ከእኔ ይቅርታ ትጠይቃለች። እኔ ይቅር ስላት ጠረጴዛዋ ይመለስላታል። «ክብርዎም ይጠበቃል፣ እሷም ትገባለች» አለ። አይሆንም ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው፣ «እሺ፣ እናንተ እንዳላችሁ» ነው።

በሕይወቴ ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ። የበዳዩን ፊት ሳየው ነው የኖርኩት። ወለሉን የሚያየውን፣ ቁልፉን የሚነካካውን፣ ግማሽ ተናግሮ ግማሽ የሚያስቀረውን። ምን ያህል እንደምንቀው ራሱ አውቆት ይሄድ ነበር። ዛሬ ከዚያ ቢሮ ስወጣ የሸሚዜን ቁልፍ ይዤ ነበር።

መልእክቱን የወሰደችው ህብስት ናት። ሳይመሽ ተመልሳ፣ «እሺ ብላለች» አለችኝ። ደስ ብሏታል ልጅቷ። «መጀመሪያ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አነሳች። ከዚያ፣ ከሚሰበሩ እኔ ልጎንበስ አለች።»

የተሰነጠቀውን ሸክላ ከደበቅሁበት አውጥቼ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጠረጴዛዎቹ በአደይ አበባ ተከበዋል። የእኔ የብሳና ቅጠል ከመግቢያው ፊት ለፊት ተሰቅሏል አሉኝ፤ እኔ አንድ ጥቁር ነገር መኖሩን ብቻ ነው ያየሁት። የማንጠግቦሽ ወንድም መኪናውን ደጅ አቁሞ በሩ ላይ ቆሟል። እህቱ ስታፍር ሳይወድ ሊያይ የመጣ ሰው አቋቋም ነበረው።

ጌትነት ንግግር አደረገ። ስለ ደንብ፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ አዲስ ዓመት። ስሜን ብዙ ጊዜ ጠራው። ከዚያ፣ «እትዬ ማንጠግቦሽ» አለ።

መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። «አያ ፈንቴ» አለችና ጉልበቴን ለመያዝ ጎንበስ አለች።

ክንዷን ያዝኩት። «ተነሺ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ አልሰማችኝም። «ተነሺ፣ የበደልኩ እኔ ነኝ» አልኩ፣ አሁን አዳራሹ ሰማ። ቅጠሉ የእሷ መሆኑን፣ የጣለችውን ሸክላ አንስቼ መቅዳቴን፣ ቅዳሜ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ተናገርኩ።

አላመኑኝም። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ጌትነት ዓይኑን እየጠረገ፣ «አያችሁ የአባት ልብ? እሷን ላለማሳፈር በራሳቸው ላይ ወሰዱት» አለ። ሰው አጨበጨበ። ማጨብጨባቸው እንደ ጥፊ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምኩት ክብር እውነቱን እንኳ አላሳልፍ አለ።

«ዝም በሉ» አልኩ። በዚህ በኩል ልማድ አለኝ፣ ዝም አሉ። «ጌትነት፣ ና እዚህ ቁም። የሆነ ነገር ከጠረጴዛው አንሳና አሳየኝ።»

አንስቶ ያዘው። ምን እንደሆነ አላየሁም። ቀይ ነገር ነው። አበባ ይሁን ወፍ አላውቅም አልኩት። «ዓይኔ አያይም። ያለፈውን ክረምትም አላየም። የማያይ ሰው በትል የተበላ ጠርዝ እንዴት ይቀርጻል?» ከከረጢቴ የተሰነጠቀውን ሸክላ አውጥቼ ሰጠሁት። ህትመቱን አውርደው አጠገቡ አስቀመጡት። ነፋስ ያለውን መስመር ጥፍሬን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቼ ከዳር እስከ ዳር አሳየሁት።

ጌትነትም በጣቱ ተከተለው። መለያየት ነው ያለችው ሴት በስተኋላ፣ «ውይ» ስትል ሰማሁ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ቅዳሜ በእሷ የሳቁት ሳቅ ነው።

ህትመቶቼን ራሴ አወረድኩ። ደንቡ የእኔ ነው። እየዳበስኩ ሳወርድ ሁለቱ ወደቁብኝ፤ ህብስት አነሳችልኝ፣ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። አፏ የማያርፈው ልጅ። ከሁሉም እሱ ከበደኝ።

በሩ ላይ የማንጠግቦሽ ወንድም መንገድ ለቀቀልኝ። ሰላምም አላለኝ፣ አልሰደበኝም። ከኋላዬ ሸክላ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይሰማ ነበር።

ተናግሬ ቀለለኝ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። አልቀለለኝም። እሷ እስክትጎነበስ ድረስ ጠብቄአለሁ።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ለእንኳን አደረሳችሁ የመጣ ሰው ጥቂት ነው። የመጡትም ቶሎ ተነሡ። አንዱ ማየት አለማየቴን ሊፈትን ጣቱን ፊቴ ላይ አወዛወዘ። ነፋሱ ተሰማኝ። አምና ቢሆን በዱላ እለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያዬን ልሰበስብ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ማንጠግቦሽ ጭቃ ትረግጥ ነበር፤ በአዲስ ዓመት ቀን።

«ወንድምሽስ?» አልኳት።

«ባዶውን ተመለሰ። ተናዷል። ለዚህ ነው ከአማኑኤል ያስመጣሽኝ አለኝ።»

«ተሸጠልሽ?»

«ብዙው ሄደ። አንዲት ሴት ቅጠሏን ገልብጣ ገላብጣ አየቻትና፣ የተሰነጠቀው የለም ወይ አለችኝ።» ይህን ስትል የሳቀች መሰለኝ። ፊቷን አላየሁትም፤ ከድምጿ ነው።

ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። እንደ ሽማግሌ አሳምሬ ሳይሆን እንደመጣልኝ። ጭቃውን መርገጧን አላቆመችም።

«ዓውደ ዓመት ነው፣ ይቅር አልልም ማለት ነውር ነው» አለች። «ግን ከሆዴ አልወጣም። ውሸት አልነግርዎትም።»

«አትንገሪኝ።»

መሮና መዶሻዬን ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። የቀለሙን ጨርቅ፣ ጭልፋውን፣ ሞረዱን። ጣውላዎቹ ለህብስት ይሁኑ፣ ታንድዳቸው አልኩ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አለች።

«ደንቡ ከባዛሩ ነው እንጂ ከክፍሉ አይልም። ግን ምን እሠራለሁ እዚህ?»

እግሯ ቆመ። «ዓይንዎን ለሐኪም አሳይተዋል?»

«አላሳየሁም።»

«ለምን?»

የከረጢቱን አፍ አሰርኩ። ሐኪሙ የሚለውን ፈርቼ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

«ያሳዩት» አለች። «ሌላው ደግሞ፣ ከዛሬ በኋላ ከእኔ ሸክላ የሚፈልጉት ካለ በአፍዎ ይጠይቁኝ። እሰጥዎ ይሆናል፣ እከለክልዎ ይሆናል። እንደ ቀኑ ነው። ከሰጠሁዎት ግን ከህትመቱ ሥር ስሜ ይጻፋል፣ በእርስዎ እጅ፣ በዚያ በትልቁ ፊደልዎ።» ብላ ጭቃዋን መርገጥ ቀጠለች።

ከረጢቱን እዚያው ትቼው መጣሁ። ረስቼው አይደለም።

አሁን መስኮቱ ሥር ነኝ፤ ብርሃኑ እስኪያልቅ ትንሽ ቀርቷል። ሰው ለምኜ አላውቅም። ከዚያ መልስ ቃሉን ስለማመድ ነው የዋልኩት። «ማንጠግቦሽ፣ አንድ ሸክላ አውሺኝ።» ትእዛዝ ይመስላል። «ማንጠግቦሽ፣ ከሸክላሽ አንድ ብታውሺኝ» ይሻላል መሰለኝ። እባክሽ የሚለውን የት ላይ እንደማስገባው ግን አላወቅሁም። መጀመሪያ ላይ ሳደርገው ሌላው ቃል አይከተለኝም፣ መጨረሻ ላይ ሳደርገው ድምፄ ይሞታል።

ነገ መጀመሪያ ላይ አድርጌ እሞክረዋለሁ።